ከኮምፒውተሩ ጎን የጠፋችው ሳጥን

ኦቦ ጉደታ ዓርብ ረፋድ ላይ ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። የአምቦ ሰው «ልባቸው ነው» ብሎ ሊገላገል ሲል፣ ኢንስፔክተር ሸዋገነት የሶፋውን ትራስ አገላብጣ አየችና በሩን አስዘጋች። ትራሱ ላይ የአፍና የአፍንጫ ደም ነበረ፤ ታፍነው ነው የሞቱት።

ሳይውል ሳያድር ሰፈሩ ጣቱን ለንሳ ላይ ቀሰረ። አብራቸው የምትኖር ልጃቸው ናት፤ «ቀኑን ሙሉ እዚህ ዕቃ ላይ ተጥደው!» እያለች ስትነዘንዛቸው ጎረቤት ይሰማ ነበር። ሐሜተኛ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል! ለንሳ ሐዘኗን እንኳ በቅጡ ማልቀስ አልቻለችም።

ኦቦ ጉደታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደረሷቸው መዝሙሮች ከኮምፒውተሩ ተደምስሰዋል። ከጎኑ ትሰካ የነበረችው ቅጂ መያዣ፣ ትንሿ ጥቁር ሳጥንም የለችም። ዓርብ ጠዋት ለንሳ ገበያ ሳለች ወደ ግቢው ሲገቡ የታዩት ሁለት ናቸው፦ የኮምፒውተር አስተማሪው ኩምሳና ካሴት ሊያወጣ ሽር ጉድ የሚለው ዘማሪ ነገራ።

«ማክሰኞ የመጠባበቂያ ፕሮግራም ጫንኩላቸው» አለ ኩምሳ። «ማስጀመሩን ራሳቸው ይሞክሩ ብዬ ወረቀት ለጠፍኩላቸው።»

ወረቀቱ አሁንም ስክሪኑ ጠርዝ ላይ አለ፦ «መዝሙሮቹ በየቀኑ ጥቁሯ ሳጥን ውስጥ ይገለበጣሉ።»

ነገራ ደግሞ «የካሴቱ መዝሙሮች የራሴ ድርሰት ናቸው፤ የሳቸውን ምን አደርጋቸዋለሁ?» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ።

ሸዋገነት ለንሳን ለብቻዋ ጓዳ አስገባቻት። «ሐሙስ ለኩምሳ የደወልሽው ለምንድን ነው?»

«አባኮ ስልክ አይሰማቸውም፤ ስለ እሳቸው ሆኜ ነው። ሳጥኗ መብራት አላሳይ አለች። ለካ ‹የት ይቀመጥ?› ሲላቸው ተሳስተው ‹ዲ› የሚለውን መርጠዋል፤ ቅጂው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቷል። ኩምሳ ‹ቅዳሜ አስተካክላለሁ› አለ።»

«ይህን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ መዝሙሮቹን ከኮምፒውተሩ ደምስሶ ትንሿን ሳጥን ወሰደ» አለች ሸዋገነት። «ለምን? መዝሙሮቹ ውስጧ ያሉ መስሎት። ወረቀቱን አንብቦ አምኗል። ኩምሳ ግን ባዶ መሆኗን ያውቃል፤ ለንሳም ታውቃለች። ባዶ መሆኗን ሳያውቅ እዚህ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው። ነገራ፣ ሳጥኗን የት ጣልካት?»

«ባዶ?» አለ ነገራ። ላብ ግንባሩን አጠበው።

ኩምሳ ‹ዲ›ን ከፈተው። መዝሙሮቹ ከነቀናቸው ተደርድረዋል፤ ነገራ የኔ ያላቸውም አሉ። መጨረሻ ላይ ኦቦ ጉደታ ለቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች ሐሙስ የጻፉት ደብዳቤ ነበር። ለንሳ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«መዝሙሮቹ የእኔ ናቸው። ነገራ ግን ይዘምራቸው፤ ከእሱ የተሻለ ድምፅ የለንም። አደራ፣ ልጁን በሰው ፊት አታሳፍሩት።»

ነገራ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ማሎ፣ እባካችሁ... እሁድ በጉባኤ ፊት ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ እኮ ነው።»

ለንሳ ከስክሪኑ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«አንድ ጊዜ ብትጠይቃቸው ምን ነበረበት?» አለችው።