ለወላጆች ያልተነገረች ድመት

ነገሩ የጀመረው በአይጥ ነው። ከወይዘሮ የሺሃረግ ቤት አጠገብ የነበረው አሮጌ ቤት ሲፈርስ፣ ለዓመታት እዚያ የከተሙት አይጦች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ እሷ ማድቤት ገቡ። አይጥ በማንም ቤት ይገባል፤ ባለጸጋ፣ ድኻ፣ አማኝ፣ ከሓዲ ብሎ አይመርጥም። የሺሃረግ ግን ኦክላንድ ውስጥ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ባለው ቤቷ የስድስት ቤተሰብ ልጆችን በአደራ የምትጠብቅ፣ የሥራ ፈቃዷን፣ ላይሰንሷን፣ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ በፍሬም የሰቀለች ሴት ናት። ወላጆቹ ሁሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው። «የሺ ቤት አይጥ አለ» የሚል ወሬ እሑድ ጧት ከወጣ፣ ስብከቱ ሳያልቅ ጎረቤት ከተማ ኮንኮርድ ይደርሳል።

ስለዚህ ለማንም አልተናገረችም። መርዝ እንዳታስቀምጥ ልጆች አሉ፤ ወጥመድ እንዳታጠምድ የልጆች ጣት አለ። አንድ ቅዳሜ ወደ ኮንኮርድ ሄዳ፣ ድመቷ ከወለደችላት ወዳጇ የሁለት ወር ግልገል ድመት በጫማ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ሐሳቧ ክፉ አልነበረም። ይህን የምለው እሷን ለማጽደቅ አይደለም፤ ብዙ ጥፋት የሚጀምረው ክፉ ካልሆነ ሐሳብ ስለሆነ ነው።

ካርቶኑን ከመኪና ስታወርድ ጋሽ ተክለጻድቅ ደረጃው ላይ ነበሩ። ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቷ ናቸው፤ በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ አርባ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ያልተጠየቁትንም የሚመልሱ ሽማግሌ።

«ምንድን ናት እቺ?»

«ድመት ናት ጋሽዬ። ልጆቹ ይጫወቱባታል። እግረ መንገዷንም...» አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

«ሐኪም አይቷታል?»

«ድመትን ሐኪም!» ሳቀች።

«ተከትባለች ወይ ማለቴ ነው። ደግሞ እንዲህ በቀጥታ ስድስት ልጅ መሀል አትጣል። ለብቻዋ ክፍል ስጫት፤ አንድ ሁለት ሳምንት ትረጋጋ። ከዚያ ልጆቹ ቁጭ ብለው፣ ተራ በተራ፣ አንቺ እያለሽ ይዩዋት። ከሁሉም በፊት ግን ወላጆቹን ጠይቂ። ደረቱን የሚያመው፣ የድመት ፀጉር የማይስማማው ልጅ አይጠፋም።»

«ሁሉም ፎርም ሞልተዋል። ማንም ምንም የለበትም።»

«ፎርሙን ተይው። እናቶቹን ጠይቂ።»

«ጋሽዬ፣ ድመት ናት እንጂ ነብር አይደለች! እኛ አገር ልጅና ድመት ባንድ ምንጣፍ ላይ አይደል እንዴ ያደግነው?»

«አንቺ የምታውቂው ያደግነውን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ያላደጉትን ማን ቆጠራቸው?»

የሺሃረግ ፈገግ ብላ አለፈቻቸው። ነገር ግን በሯን ስትከፍት አንድ ልጅ ትዝ ብላታለች፤ ዮርዲ፣ የሄለና ልጅ፣ የአራት ዓመቷ። አምና በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ሄለና ማይክ ይዛ፣ ልጇን አቅፋ፣ «ዮርዲዬ ከአስሟ ተፈውሳለች» ብላ ስትመሰክር አዳራሹ በእልልታ ተናውጧል፤ የሺሃረግም ከፊተኛው ረድፍ ቆማ አልቅሳለች። ከወር በኋላ ሄለና ልጇን ልታስመዘግብ ስትመጣ፣ የጤና ችግር በሚለው መስመር ላይ «የለም» ብላ ጻፈች። ታዲያ አሁን ደውሎ «ልጅሽ ደረቷ እንዴት ነው?» ማለት ምን ይባላል? ፈውሷን እንደ መጠራጠር ይቆጠራል። ደግሞ ስለ ድመቷ ከተነሳ፣ ድመቷ ለምን መጣች ይባላል፤ ከዚያ አይጡ ይወጣል። የሺሃረግ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ሰኞ ጧት ስድስቱ ልጆች ግልገሏን ሲያዩ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አንዱ ጅራቷን፣ አንዷ ጆሮዋን። ድመቷ ሶፋው ሥር ገብታ እስከ ቀትር አልወጣችም። ማንም ለብቻዋ ክፍል አልሰጣትም፤ ልጆቹንም ቁጭ በሉ ያላቸው የለም። «ይለማመዳሉ» አለች የሺሃረግ ለራሷ። በሦስተኛው ቀን እውነትም ተለማመዱ፤ ኩኪ የሚል ስም ወጣላት። ልጆቹ ቀን የሚተኙበት ፍራሽ ላይ እየዞረች ስታሸት ሰንብታ፣ በመጨረሻ የዮርዲን ሐምራዊ ብርድ ልብስ መረጠች። አይጥ ግን አንድም አልያዘችም፤ ራሷ የአይጥ እኩያ ነበረች።

የቀረው የልጆቹ አፍ ነበር። የሺሃረግ በክብ አስቀምጣቸው፣ «ኩኪ ለማሚና ለዳዲ ሰርፕራይዝ ናት» አለቻቸው። «እኔ እስክነግራቸው ማንም አይናገርም። እሺ?»

«ኦኬ፣ አንቲ የሺ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ድመቷ መኝታ ቤት ይቆለፍባታል፣ ምንጣፉ ይጠረጋል፣ ወላጆች ይመጣሉ። ስድስት ሕፃናት፣ ትልቁ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ምስጢሩን ከብዙ ሽማግሌ አሳምረው ጠበቁ።

ዮርዲ ማሳል የጀመረችው ረቡዕ ነው። የሺሃረግ ዝንጅብል በማር አጠጣቻት። ሐሙስ ማታ ሄለና ከኤመሪቪል ቢሮዋ ወጥታ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ፣ ሳሏን ሰምታ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ የሺ፣ ዛሬ አቧራ ነገር አስነስተው ነበር እንዴ?»

«ኸረ የምን አቧራ! ጉንፋን ናት። ሰሞኑን ልጁ ሁሉ እያሳለ ነው።»

«ይሆናል።» ሄለና የልጇን ጀርባ ዳበስ አደረገች። «ብቻ... ማታ ማታ ትንሽ ያፍናታል።»

የሺሃረግ ልትጠይቃት አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ሄለናም ልትናገር አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ሁለቱም «ጌታ ይማራት» ተባባሉና ተሰነባበቱ። ሄለና ቤቷ ገብታ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግታ፣ ለልጇ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን፣ ሁለት ጊዜ ነፋችላት። ሐኪሙ መድኃኒቱን አታቋርጪ ብሏት ነበር። አላቋረጠችም፤ ግን በሥራ ቦርሳዋ ሥር፣ በሶፍት ጠቅልላ፣ ሰው በማያይበት ነበር የምትይዘው። ለየሺሃረግ ብትሰጣት፣ በእልልታ የታጀበውን ምስክርነቷን መልሳ የወሰደች መሰላት።

በቀጣዩ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ልጆቹ ቀን ተኝተው ሳለ ዮርዲ ተነስታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ትከሻዋ ወደ ላይ እየተሳበ፣ አንገቷ ሥር ያለው ቆዳ እየጎደጎደ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ ነበር። ኩኪ ብርድ ልብሷ ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች።

የሺሃረግ ናይን ዋን ዋን ደወለች፤ ቀጥላ ሄለናን።

«ዮርዲ ትንፋሽ አጠራት! አምቡላንስ እየመጣ ነው!»

«ኢንሄለሯን ስጧት!» ጮኸች ሄለና፤ ወዲያው ግን ድምጿ ወደቀ። «ወይኔ... እኔ ጋ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

የአምቡላንስ ሠራተኛው «አስም አለባት?» ሲላት፣ የሺሃረግ «ነበረባት፤ አሁን የለባትም» አለችው። ሰውየው ቀና ብሎ አያት፤ መልሶም ልጅቷ ላይ አጎነበሰ።

ሆስፒታል ሄለና ስትደርስ ዮርዲ የኦክስጅን ጭምብል ተደርጎላት፣ የሺሃረግ አልጋው ግርጌ ቆማ ነበር። ሐኪሟ ቶሎ ቶሎ ጠየቀች፤ አዲስ ነገር በልታለች ወይ? የነካችው ነገር አለ? የምትውልበት ቤት እንስሳ አለ?

«እንስሳ የለም» አለች ሄለና። «ቤቱን አውቀዋለሁ።»

የሺሃረግ ልትናገር ነበር፤ ልናገር ነበር ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች። ግን የሄለናን ፊት አየችና አቀረቀረች። ያኔ ዮርዲ በትንሽ እጇ ጭምብሉን ገፋ አድርጋ፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «ኢትስ ኤ ሰርፕራይዝ» አለች። «አይ ካንት ቴል... አልናገርም።»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። ልጅቷ የምታየው ግን የሺሃረግን ነበር፤ ፈቃድ እየጠበቀች።

«ድመት አለች» አለች የሺሃረግ። «ድመት አስገብቻለሁ።»

«ድመት?» አለች ሄለና። ለአራት ዓመት እርስዎ ያለቻትን ሴት በዚያች ቅጽበት አንቺ አለቻት። «ከመቼ ጀምሮ? እያሳለች እያየሽ? ልጄን ዋሺ ብለሽ?»

«አንቺስ? የለም ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?»

ሕፃኗ ትንፋሽ ስትለምን ሁለት ትልልቅ ሴቶች በላይዋ ተካሰሱ። ነርሷ ሁለቱንም ወደ ኮሪደር አስወጣቻቸው። ዮርዲ ባሰባት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶላት አምስት ቀን በማሽን ተነፈሰች። አባቷ ከሳን ሆዜ ሥራው እየተመላለሰ አልጋዋ ሥር ሰነበተ። በስድስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች፤ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። የቀሩት ወላጆች ፎርማቸውን እንደገና እንሙላ ብለው ተሰለፉ። የአንዱ ልጅ ኦቾሎኒ የማይስማማው፣ የአንዷ ደግሞ የሚጥል በሽታ ያለባት መሆኑ ያን ቀን ታወቀ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ወረቀት ላይ «የለም» ነበሩ። ጽፈው ሲጨርሱ ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። የላይሰንስ መርማሪዎች መጡ፤ አይጡንም ድመቷንም አዩ፤ ቤቱ ተዘጋ። በቤተ ክርስቲያን ግን ወሬው «ድመቷ ናት፣ የተረገመች» ሆነ። ኩኪ ወደ እንስሳት መጠለያ ተወሰደች።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ ባዶውን ካርቶን እያዩ። «በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አፍ የሌላት እሷ ብቻ ነበረች። አፍ ያላችሁ ምን ሠራችሁበት?»



ከሦስት ወር በኋላ አንድ እሑድ፣ በአዳራሹ መውጫ፣ ዮርዲ ከእናቷ እጅ አምልጣ ወደ የሺሃረግ መጣች። ከስታለች።

«አንቲ የሺ፣ አይም ሶሪ» አለች።

«ለምኑ የኔ እናት?»

«ሰርፕራይዙን... አይ ቶልድ፤ ተናገርኩ። ኩኪ የሄደችው በኔ ነው?»

የሺሃረግ ሰው በሚተላለፍበት መሬት ላይ ተንበረከከች። ቤቷ ሲዘጋ ያላለቀሰችው አሁን አለቀሰች። ለካ ይህቺ ሕፃን ሦስት ወር ሙሉ በዚያ በደከመ ደረቷ የእነሱን ጥፋት ተሸክማ ኖራለች።

«በአንቺ አይደለም። በእኔ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ስሚኝ ዮርዲዬ፤ ከእንግዲህ ማንም ትልቅ ሰው ‹ለእናትሽ እንዳትነግሪ› ካለሽ፣ ያኔውኑ ሮጠሽ ንገሪያት። እኔም ብሆን።»

ሄለና ከኋላ ቆማ ሰማች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ የሺሃረግም አልጠየቀቻትም። ብቻ የልጇን ትንሽ ቦርሳ አቃንታ፣ ከውጭ የተንጠለጠለውን ኢንሄለር አሳየቻት። «አስም አለባት» አለች፣ የሚያልፈው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «እግዚአብሔር አላሳፈረኝም፤ በልጄ ሕመም ያፈርኩት እኔ ነኝ።» የልጇን እጅ ይዛ ሄደች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ፎርሙ ሲመጣ ግን «የለም» ብለን እንጽፋለን። ልጅ የምትሰጡ፣ ሕመሙን ከነመድኃኒቱ አብራችሁ ስጡ። ልጅ የምትቀበሉ፣ ቤታችሁ የሚገባውን ድመትም ሆነ አይጥ ለወላጅ ተናገሩ፤ ያስቀይማል ብላችሁ የምትፈሩትንም ጥያቄ ጠይቁ። የሚመጣው ሐፍረት የአንድ ቀን ነው። ዮርዲ ግን ዛሬም ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ፣ የብረቱን መደገፊያ ይዛ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ትጠብቃለች።