የተዋጠችው ኅ

«ቆይ፣ ቆይ! ምን ብለሽ ነው ያነበብሽው?» አሉ መሪጌታ አካሉ ከመደቡ ብድግ ብለው።

ሐረግ ከወንድሟ ከፈንታሁን ደብዳቤ ላይ ቀና አለች። «‹በመጨረሻው ዓመት ተማሪው ራሱ የሚመርጠው ልዩ ትምህርት አለ፤ እኔም የመድን ትምህርት ልመርጥ አስቤያለሁ› ይላል፣ አባባ።»

«መድኅን በይ እንጂ! ኅን እንደ ቆሎ ዋጥሻት። ይሄ አስኳላ ንባቡን ገደለው!»

ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የምታነብላቸው እሷ ናት። ሳያርሟት ያለፉበት ቀን ግን አልነበረም።

«እሰይ የኔ ልጅ! ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ንግድ ሊማር ነው ብዬ ሳዝን፣ ለካ ስለ መድኃኔ ዓለም ሊማር ኖሯል!»

ሐረግ ቀጣዩን መስመር ልታነብ አፏን ስትከፍት እሳቸው በትራቸውን ይዘው ወደ ደብሩ ገስግሰዋል። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «መድን ማለት ኢንሹራንስ ነው። ቤት ቢቃጠል፣ መኪና ቢገለበጥ፣ ዋስ የገባው ድርጅት ባለቤቱን ይክሳል። አባባ ካልወደዱት ትቼው የሽያጭ ትምህርት እይዛለሁ። እሳቸው ሳይመርቁኝ አልመዘገብም።»

«ጉድ ፈላ!» አለች ሐረግ።

እናቷ ወይዘሮ ብዙዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ከዚያ ግን ፊታቸው ቅጭም አለ። «ተይ ልጄ፣ ዝም በይ። እንዲህ ደስ ሲላቸው ካየሁ ስንት ጊዜዬ!»

እውነታቸውን ነው። ጊዜው የስድሳ ስድስት የካቲት ነው። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ መሪጌታ ውለው የሚያድሩት ፍትሐት ላይ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ሰው ቀብረው ይመለሳሉ። ቤት ሲገቡ ቃል አይወጣቸውም። በዚህ ላይ አዲስ አበባ በሰልፍ ታመሰች ሲባል ለፈንታሁን ይብሰለሰላሉ። ሐረግ አባቷን በጣም ትወዳቸዋለች፤ ያን ፈገግታ በእጇ ማጥፋት ሞት ሆነባት። ግን ዝም ብትልስ? ወንድሟ ምርቃት የለመነው ለሌላ ነገር ነው። አንድም ቀን አባቱን ዋሽቶ የማያውቀውን ልጅ ሳያውቀው ዋሾ ልታደርገው ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሪጌታ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

«ለደብሩ ሰው ሁሉ ነገርኩ! ቄስ ሞላማ አለቀሱ። በይ ወረቀት አምጪና ምርቃቱን ልንገርሽ።»

ሐረግ ብዕሯን አነሳች። ግን መልሳ አስቀመጠችው።

«አባባ… ሳላነበው የቀረ መስመር አለ።»

«ድምፅሽ ምነው? አብሽሪ፣ አንብቢው።»

አነበበችው። ወይዘሮ ብዙዬ መሶቡን ማበስ ተዉ።

«ኢንሹ… ምን አልሽው?»

«ኢንሹራንስ። የዋስ ነገር ነው፣ አባባ።»

«ዝናብ ለቀረበትስ ዋስ ይሆናል?»

«እሱን አልጻፈም።»

መሪጌታ ጺማቸውን አሻሹ። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ በእጃቸው የሸኟቸውን ሙታን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያስቡ ይመስሉ ነበር።

«እንግዲያው ጻፊ» አሉ በመጨረሻ። «መርቄሃለሁ፣ ተመዝገብ በይው። ግን የገበሬውን ነገር ሳይጠይቅ ከዚያ ክፍል እንዳይወጣ። መኪናማ እኛ ዘንድ ምን አለና ይገለበጣል!»

ሐረግ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ጽፋ ስትጨርስ መሪጌታ እንደገና በትራቸውን ፈለጉ።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ ብዙዬ።

«ወደ ደብሩ ነዋ! ተሳስቼ አሳስቻቸዋለሁ፣ ላቃናው።»

«ኧረ መሪጌታው ንባብ ሳተ ብለው ይስቁብዎታል!»

«ይሳቁ እንጂ፣ ብዙዬ። ከቀብር መልስ መች ስቀው ያውቁና!»

ሐረግ ነጠላዋን አጣፍታ ክንዳቸውን ያዘች። ሲስቁባቸው ብቻቸውን እንዲቆሙ አልፈለገችም።