የጠራው ዓይን

አዛውንቱ ሰዓት ሠሪ ከቤታቸው ደረጃ ሥር ወድቀው ተገኙ። መርማሪዋ ስትደርስ በድናቸው ቀዝቅዟል። በደረጃው ግራ በኩል የነበረው የእጅ መደገፊያ ተነቅሏል።

«ገፍቶት ነው!» አለች የሟች እህት፣ ወደ ልጃቸው ባል እየጠቆመች። «ወንድሜ ዓይኑ ደህና ነው። ትናንት እንኳ የሰዓቴን ብሎን፣ ያችን አሸዋ የምታክለውን፣ መልሶ ገጥሞልኛል። እንዲህ የሚያይ ሰው ባዶ ቦታ ይደገፋል?»

«እኔ ምን በወጣኝ!» አለ ሰውየው። «መደገፊያውን ላድሰው ብዬ ነቀልኩት። ያዩታል ብዬ አልነገርኳቸውም።»

መርማሪዋ አጎንብሳ አስከሬኑን አየች። ግራ ትከሻቸውና ክንዳቸው በልዟል፤ አንዳንዱ ሰንበር የቆየ ነው። ቀኙ ደህና ነው። ከሥራ ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ያልተከፈቱ የዓይን ጠብታዎች አገኘች።

«ግላኮማ ነበረባቸው?»

«አዎ» አለች ልጃቸው። «ግን ጠብታውን አያቋርጥም። የማመጣለት እኔ ነኝ።»

«ይጠጡ ነበር?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «ድሮ። እናቴን ሲያሰቃያት የኖረው በመጠጥ ነው። ትቻለሁ ካለ በኋላም ዓይኑ ደም መስሎ አየሁት። ‹ልጄን አታቅፍም› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ዓይኑ ጠራ፤ እኔም እፎይ አልኩ።»

«ኧረ በአፉ አልዞረም!» አለች እህትየው። «አብሬው የምውለው እኔ አይደለሁ?»

መርማሪዋ ለዓይን ሐኪማቸው ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ማንም አልገፋቸውም» አለች። «ግላኮማ የእይታን ዳር ዳር እየበላ መሃሉን ለመጨረሻ ይተወዋል፤ የእሳቸው በግራ በኩል ብሶ ነበር። ስለዚህ ፊታቸው ያለችውን ብሎን ያያሉ፤ የበሩን መቃን ግን በግራ ትከሻቸው እየገጩ ያልፋሉ። ሰንበሩ የዚያ ነው። ጠብታውን ትተው ነበር፤ ሕመም ስለሌለው እየባሰባቸው መሆኑን ልብ አላሉም። ዛሬም እንደለመዱት ግራ እጃቸውን ሰደዱ፤ የሚይዙት አልነበረም።»

«ታዲያ መድኃኒቱን ለምን ተወው?» አለች እህትየው።

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሐኪሙ እንዳለኝ ያ ጠብታ ዓይን ያቀላል። መጠጡንማ ቀድሞም ትተውታል። ዓይናቸው እንዲጠራ የተዉት ጠብታውን ነው።»

ባልየው ሊደግፋት ተነሣ። ልጅቷ እጁን ገፋችው።

«ነግሮኝ ነበር» አለች። «‹መድኃኒቱ ነው› ብሎኝ ነበር። ‹ሰበብህ አያልቅም› አልኩት።» «አልተከራከረኝም። ‹እሺ እናቴ› አለኝና ወጣ።»