የወይዘሮ መሠረት ፊት

ሐመልማል የበርናባስን ስቱዲዮ በር የገፋችው ለጠብ ነበር። ስቱዲዮው የካ ውስጥ፣ ከታክሲ መያዣው ትንሽ ወደ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። የታላቅ ወንድሟን ሠርግ የቀረጸው እሱ ነው። በቪዲዮው ላይ ግን የእናቷ የወይዘሮ መሠረት ቀሚስ እንጂ ፊታቸው አይታይም።

«እናቴ ያን ቀን አልነበረችም እንዴ?» አለችው፣ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ።

ከፍቶ አየው። ሌላ ሰው ቢሆን በፀሐዩ ያመካኝ ነበር። በርናባስ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ካሜራውን አውቶ ላይ ትቶት ነበር። ሥራውን ያሳዩት ሰዎች «አትንካው፣ ራሱ ያውቃል» ብለውታል። ካሜራው ግን የሐበሻ ልብስ አያውቅም፤ ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ ፊትም አብሮ ይጠፋል።

ለጠብ የመጣችው ሐመልማል ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

እሷ ጥልፍ ሠሪ ናት፤ ነጭ ብዙ ዓይነት መሆኑን ታውቃለች። ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች ለሙከራ ትቆምለት ጀመር። እሱ ወደ ማንዋል ቀይሮ ብርሃኑን በእጁ ይከፍታል፣ ያጠባል፤ አምፖሉ እንዳይርገበገብበት ሹተሩን፣ የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት፣ ሃምሳ ላይ ያቆማል። እሷ ስክሪኑን አይታ «ይሄ ነጭ ሰማያዊ ገብቶበታል» ትለውና፣ ነጠላዋን ሌንሱ ፊት ዘርግታ ካሜራውን ነጭ ታስተምረዋለች። እጃቸው ሲነካካ ሁለቱም ስክሪኑን ያያሉ።

በጥቅምት ሽማግሌ ልልክ ነው አላት። ወይዘሮ መሠረት ሲሰሙ ደጄን እንዳይረግጡ አሉ፤ በአንድ ወንድ ልጃቸው ሠርግ ፊታቸውን ላጠፋ ሰው ሴት ልጃቸውን አይሰጡም። ሐመልማል ለምና ለምና ያገኘችው አንድ ነገር ነው፦ ኅዳር ሃያ አንድ እንጦጦ ማርያም ሲሳለሙ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዴ እንዲቀርጻቸው።

ከበሩ ሲወጡ ፀሐዩ ከርሮ ነበር። ወይዘሮ መሠረት ጥልፉን ልጃቸው የሠራችውን ቀሚስ ለብሰዋል። በርናባስ ብርሃኑን ከፈት አደረገው፤ ፊታቸው ወጣ፤ ጥልፉ ግን ነጭ ብቻ ሆነ።

«ልፋትሽ ሊጠፋ ነው» አላት በሹክሹክታ።

«ይጥፋ። ጥልፉን ደግሜ እሠራዋለሁ፤ የእናቴን ፊት ግን ደግሞ የሚሠራው የለም።»

ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ መሠረት፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ከወዲያ ደመና አለ፤ ፀሐዩን ሲሸፍነው ፊትዎም ጥልፉም ይወጣል።»

«ባይመጣስ?»

«እጠብቃለሁ።»

ድንጋይ ላይ አስቀምጧቸው እሱ ቆመ። ለበዓሉ የመጡ ሌሎች ካሜራ ማኖች ሦስት ሦስት ቤተሰብ ቀርጸው ወረዱ። ወይዘሮ መሠረት መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ ቆይተው ስለ ሟች ባላቸው ያወሩት ጀመር። ደመናው ፀሐይዋን ሲሸፍናት ልብ አላሉትም። በርናባስ እሳቸው እያወሩ ሳሉ ቀረጻቸው።

ሲያሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ አዩ። ፊታቸው አለ፤ ጥልፉም ክር በክር ይታያል። ሐመልማል የእናቷን አፍ ትጠብቃለች።

«ትዕግሥት ሰጥቶሃል» አሉት። ነጠላቸውን አጣፍተው ቁልቁለቱን ጀመሩ፤ ጥቂት ርቀው ዞር አሉ።

«ለሠርጋችሁ ግን ሌላ ካሜራ ማን ፈልጉ። ሙሽራ ቆሞ አይቀርጽም።»