ጥቁሩ መነጽር በመርከቡ ሆድ

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ጉድጓዶች ደረቁ፤ ፍየሎች አለቁ፤ ውኃ በአህያ ጋሪ እየመጣ በጣሳ ተሸጠ። ቀጥሎ ከቶከር ሜዳ የሚነፍሰው አቧራ ተነሣ። ፖርት ሱዳን ከጠዋት እስከ ማታ ቡናማ ሆነች፤ ሰው ሁሉ አሸዋ ያኝክ ጀመር። ሥራ የነበረው በሐጅ ሽንግራይ የመርከብ መጠገኛ ብቻ ነበር።

ሠራተኛው ኦኑር የሞተው እዚያ ነው። በአሮጌ የጭነት መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ክፍት በተተወ የወለል በር ወድቆ፣ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ዓይኑ ላይ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ነበር።

ኢንስፔክተር ኦኬር ሲደርስ የሟቹ ዘመዶች ሰይፍ ታጥቀው የመጠገኛውን በር ይዘዋል። ሽማግሌዎች እስከ ቀብሩ ብቻ እንዲታገሡ ለምነዋቸዋል። የሚፈልጉት ለሠራተኛው መነጽር የሚያድለውን ሐዳብን ነው።

«ምን ሆነ፣ ሐጅ?» አለ ኦኬር የመጠገኛውን ባለቤት።

«ጨለማ ለሚገባ ሰው ጥቁር መነጽር ሰጠዋ! አሳውሮ ላከው። ጥፋቱ የእሱ፣ የደሙም ካሳ የጎሳው ነው።»

ሐዳብ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ግራ ዓይኑ የለም። ከኋላው መነጽሮች በየቀለማቸው በምስማር ተሰቅለዋል።

«አጎቴ ሐዳብ፣ ለኦኑር ምን ሰጡት?»

«ቢጫውን፣ ፊት ላይ የሚጣበቀውን ሰፊውን። አቧራ ሲሆን ቢጫው ለዓይን ያበራል። ጥቁር ለፀሐይ ነው፤ አረንጓዴው ብረት በጋዝ ለሚቆርጥ። ዛሬ ፀሐይ የት አለና ጥቁር እሰጣለሁ?»

«ጥቁሩን ሁሉም መልሷል?»

«ወጣቶቹ መች ይመልሳሉ! ያምርብናል ይላሉ።»

«ሐጅ ለምን ጨከኑብዎት?»

«ብረት ቆራጭ ሳለሁ መነጽር ግዛልኝ አልኩት። ቀጣዩ መርከብ ይግባና አለኝ። ፍንጣሪው ቀድሞ ገባ። የዓይኔን ካሳ ስጠይቀው የአላህ ሥራ ነው ይለኛል። ዛሬ እኔ ከጠፋሁ የሚጠይቀው አይኖርም፣ ልጄ።»

ኦኬር ወደ መርከቡ ሆድ ወርዶ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። የሟቹ ፊት በአቧራ ተሸፍኗል፤ ከቅንድብ እስከ ጉንጭ ግን ቆዳው ንጹሕ ነው። ጥቁሩን መነጽር አነሣው። ትንሽ ነው፤ ጎኑም ክፍት።

መጀመሪያ የብረት ቆራጮቹን አለቃ ባምካርን ጠራ። በእሱም ዓይኖች ዙሪያ ሰፊ ንጹሕ ክብ ነበር።

«የት ነበርክ?»

«ከመርከቡ ጀርባ እየቆረጥኩ። በአረንጓዴው ከእሳት በቀር ምንም አይታይም፣ ጌታዬ። እናቴ ብታልፍ አላውቃትም።»

«ኦኑርስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«አፉ አያርፍም። ያየውን ሳይናገር አያድርም።»

ቀጥሎ የክሬኑ ሠራተኛ ደሪር ገባ። ዓይኖቹ አብጠው፣ ቀልተው እንባ ያፈሳሉ። ሽፋሽፍቱ ላይ አቧራ ረግቷል።

«ታለቅሳለህ?»

«ጓደኛዬ ሞቶብኝ!»

«የት ነበርክ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ክሬኑ ላይ፣ መስኮት ዘግቼ። ጥቁር መነጽር አድርጎ ወደ መርከቡ ሲገባ ከላይ አይቼዋለሁ። የዛሬው ሙሽራ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።»

ኦኬር ብቻውን ክሬኑ ላይ ወጣ። መስኮቱን ዘግቶ ወደ ታች ተመለከተ። ከአቧራው የተነሣ መርከቡ አልታየውም። ወርዶ ሬሳውን አስወጣና ሁሉንም ዕቃ ቤቱ ፊት ሰበሰበ። የሟቹ አባትና ዘመዶቹም ገቡ።

«ፊቱን እዩት» አለ። «አቧራው ከሰፊ መነጽር ውጪ ነው የቀረው። ስለዚህ ኦኑር እስኪሞት ያደረገው የሐዳብን ቢጫ ነው። ጥቁሩን ያደረጉለት ከሞተ በኋላ ነው።»

«ለምን?» አለ አባቱ።

«ቢጫ አድርጎ ያን የሚያህል በር አላየም ቢባል ማን ያምናል? ጥቁር ከሆነ ግን ጥፋቱ በሐዳብ ይላከካል። እንግዲህ በሕይወቱ ጥቁር ሲያደርግ አየሁት የሚል ሰው ይዋሻል። እንዲህ ያለውም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ደሪር ዞረ።

«አየሁት አልኩ እንጂ...»

«ከክሬኑ ላይ መርከቡ ራሱ አይታይም። መስኮት ዘግቶ የዋለ ሰው ዓይን ውስጥስ ይህ ሁሉ አቧራ ከየት መጣ? የራስህን መነጽር ለሬሳው አድርገህ፣ በባዶ ዓይንህ አቧራውን አቋርጠህ ተመለስክ። እስቲ ጥቁርህን አሳየን።»

ደሪር የደረት ኪሱን ዳሰሰ። እጁ ባዶውን ወረደ።

«የመርከቡን ናስ ስሸጥ አየኝ» አለ። «ለሐጅ እነግራለሁ አለ። ለመንኩት። እንቢ ሲል ገፋሁት። ቢጫውን ባሕር ውስጥ ወረወርኩት።»

ሰይፎች ከሰገባ ወጡ። አባትየው እጁን ዘርግቶ ዘመዶቹን ገታ፤ ፖሊሶች ደሪርን ወሰዱት። ከዚያ አባትየው ወደ ሐጅ ሽንግራይ ዞረ።

«ይኸን ሰው በሐሰት ካሳ ልታስከፍለው ነበር፣ ሐጅ። የአንተስ ዕዳ? የዓይኑን ካሳ ማን ይክፈለው?»

ሐጅ ዙሪያውን ተመለከተ። ዓይኑን ከእሱ ላይ የሚያነሣለት ሰው አጣ። ጥምጥሙን አውልቆ ሐዳብ ፊት አቧራው ላይ ተቀመጠ።

«የዓይንህ ዕዳ በእኔ ላይ ነው።»

«ሁሉም ይስማው፤ ድገመው» አለ ሐዳብ።

ደገመው።

በማግስቱ፣ አቧራው ሳይቆም፣ የሐጅ ግመሎች ለዓይኑ ካሳ ተነድተው መጥተው በሐዳብ ደጃፍ ታሰሩ።