ምላጯን ማን ነካት?

ፍሬ የምላጯን ሳጥን ከፍታ ስታይ ክው አለች።

ስለቱ ላይ ሦስት ጥቋቁር ሰረዞች ወጥተዋል። አንድ ቢሆን እሺ፤ ሦስት፣ ያውም ተርታቸውን ጠብቀው! ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላብጣ አየቻት። ባለፈው እሁድ በእጇ የቀባቻት ዘይትም የለም። ዘይት ደግሞ እግር አውጥቶ አይሄድም።

«ነክቷታል» አለች ለራሷ። ማን እንደነካት ለመገመት ብዙ አልደከመችም።

ታጣፊዋ ምላጭ የአያቷ ነበረች። አባቷ ወንድይራድ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ፀጉር ቤት አለው፤ ደንበኞቹን የሚላጨው አንዴ ተጠቅሞ በሚጥለው ምላጭ ነው። ይህችን ግን እሁድ ጠዋት ቸርች ከመሄዱ በፊት ለራሱ ፊት ብቻ ያወጣታል። ካርበን ስቲል ከሚባለው ቶሎ የሚዝግ ብረት የተሠራች ናት፤ እንደሷ የሚቆርጥ የለም፣ እርጥበት ካያት ግን ወዲያው ታኮርፋለች። ስለዚህ ተላጭቶ ሲጨርስ ፍሬ ትረከባታለች። ታጥባት በደረቅ ጨርቅ እስከ መጋጠሚያዋ ታደርቃታለች፣ ስለት በሚሳልበት ቆዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ታመላልሳታለች፣ ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ትቀባታለች። ስለቷን በጣት መንካት ክልክል ነው፤ የእጅ ላብ እንኳ ያጠቁራታል። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ በዚያ ቤት ያላት ሥልጣን ይኸው ብቻ ነበር፤ አሁን እሱም ተደፈረ።

ተጠርጣሪው የአጎቷ የኃይለኢየሱስ ልጅ ደግነት ነው። ከገደብ መጥቶ እነሱ ቤት እየኖረ አሥራ አንደኛ ክፍል ይማራል። ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ምክንያቱም ይህችው ምላጭ ናት። አያቷ ሲሞቱ ኃይለኢየሱስ «ታላቅ ነኝ፣ ለኔ ትገባለች» አለ፤ ወንድይራድ ደግሞ «ሙያውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። ትልልቅ ሰዎች፣ በአንዲት ምላጭ! ሽማግሌ ቢገባም አልሆነም። ልጅ የአባቱን ኩርፊያ አይወርስም ብላ ደግነትን የተቀበለችው የፍሬ እናት ናት።

ባለፈው ወር ደግነት በዚችው ምላጭ አቮካዶ ሲቆርጥ ተይዞ ነበር። ወንድይራድ አልጮኸም። «ሁለተኛ ከነካሃት፣ የገደብ መኪና የት እንደሚቆም ታውቃለህ» ብቻ አለው። ቀስ ብሎ የተናገረውን እንደማያጥፍ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ነገ ደግሞ እሁድ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት የደግነት ትምህርት አበቃ ማለት ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ምርመራዋን ጀመረች። መጀመሪያ የደግነትን ከንፈር በቆረጣ አየች። ጢም ብሎ የሚጠራቸው ሰባት ፀጉሮች አንድም ሳይጎድል አሉ። ይሄ ይበልጥ አሳሰባት። ራሱን ካልተላጨ፣ ማንን ላጨ?

ተመልሳ ሰረዞቹን አጠናች። የውሃ ዝገት ቀላ ይላል፤ እነዚህ ግን ጥቁር ናቸው። የእንሰት ውሃ የነካው የእናቷ ቢላ እንዲህ ነው የሚጠቁረው። ደግነት ጓሮ ልብስ ሲያጥብ የደብተር ቦርሳውን በረበረች። ደግ ሥራ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ግን በረበረች። ከጎን ኪሱ ጠውልጎ የተጣጠፈ የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ፣ አወጣች።

«ደጉ፣ ትናንት ከትምህርት በኋላ የት ነበርክ?»

«ላይብረሪ።»

«ዓርብ ላይብረሪ በዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል። አንተ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የገባኸው።»

«ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

ኮባውን አሳየችው። የያዘው ሸሚዝ ከእጁ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ወደቀ።

«ምላጯን በእርጥብ ኮባ ጠቅልለሃታል! ቅቤ መሰለችህ?»

«እኛ ጋ ደህና ነገር ሁሉ የሚጠቀለለው በኮባ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳትጎዳ ብዬ እኮ ነው።»

«የት ወሰድካት?»

«ብነግርሽ ለጋሼ ትናገሪያለሽ።»

«ባትነግረኝም እናገራለሁ።»

ደግነት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አባቴ እዚሁ ዲላ ነው። ሆስፒታል ከተኛ አራት ቀኑ። ሰኞ ኦፕራሲዮን ይገባል።»

ፍሬ አላመነችም። ያኔም ለአቮካዶው «ስለቷን ልሞክር ብዬ ነው» ብሎ ነበር። «አትሸውደኝ። እውነት ከሆነ አሁን ውሰደኝ» አለችው።

ባጃጅ ውስጥ እያለችም በዓይኗ ትጠብቀው ነበር። የሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ «የጥየቃ ሰዓት አልፏል» ይለኛል ብላ ጠበቀች። አላለም። በረጅሙ ኮሪደር ቀጥ ብሎ ሄደና ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ፊት ቆመ።

አጎቷ ኃይለኢየሱስ ከስቷል። ፍሬን ያስደነገጣት ግን ክሳቱ አይደለም። ግራ ጉንጩ ጥርት ብሎ ተላጭቷል፤ ቀኙ ሙሉ ሽበት ነው።

«የአባቴ ምላጭ ፊቴን ሳትነካኝ ሐኪም እንዳይነካኝ ብዬ ነው» አለ፣ አፍሮ ጉንጩን በነጠላው እየሸፈነ። «ልጁ መሃል ላይ ሊቆርጠኝ ደረሰ። በቃ ተወው አልኩት።»

«ለአባዬ ለምን አልነገሩትም?»

«አልጋ ላይ ተኝቼ አስታርቁኝ አልልም። አንቺም ኃይለኢየሱስ እዚህ ነው እንዳትይው፤ አደራ።» ከዚያ «ዘይት የሚቀባት ማነው?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«በደንብ ይዘሻታል» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ፍሬ ሌባ ፍለጋ መጥታ ያገኘችው አጎቷን ነው። ሲመለሱ ጥርጣሬዋ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም፣ በቦታው የገባው ፍርሃት ነበር። ዝም ካለች ነገ ደግነት ይሸኛል። ከተናገረች የሕመምተኛ አደራ ትበላለች። ሰኞ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ቤት ገብታ ሰረዞቹን በዘይትና በጨርቅ ደጋግማ አሸች። ፈዘዙ እንጂ አልጠፉም። ሳጥኑን አንስታ ከደግነት ጋር በባጃጅ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች፤ እሱን ባጃጁ ውስጥ ትታ ገባች።

ወንድይራድ የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝቶ ወለል ይጠርግ ነበር። ሳጥኑን ከፍታ ሰጠችው። አየና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«ደግነት ነው?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ እሱ ነው። አባዬ፣ ሰው ሊላጭ ወስዷት ነው። አቅቶት መሃል ላይ ተወው።»

«ማንን?»

«ስሙን እንዳልናገር አደራ ተብያለሁ። ግን ዛሬም ግማሽ ፊቱ እንዳልተላጨ ነው፤ ሰኞ ኦፕራሲዮን አለበት።»

ወንድይራድ ምላጯን አየ፣ እሷን አየ፣ ወደ ውጭም አየ። ባጃጁ ውስጥ ደግነት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ወንድይራድ የወንድሙን ስም ሊጠራ አፉን ከፍቶ ተወው፤ ሳጥኑን ዘግቶ ያዘና ወደ በሩ ዞረ።

ፍሬ ደረቁን ጨርቅና የዘይቱን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አነሳች።

«የቀረው ቀኝ ጉንጩ ነው» አለች፣ በሩን ይዛለት።