ሦስት ምስክር ያምጡ

ከመጀመሪያው እንግባባ፤ እኔ ጠንቋይ ደጅ ረግጬ የማላውቅ፣ ሰው "ጥላ አየሁ" ሲለኝ "መነጽርህን ጥረግ" የምል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማኅተምና መዝገብ ይዤ የኖርኩ የቢሮ ሰው ነኝ፣ በወረቀት ያልሰፈረ ነገር ለእኔ የለም። ደግሞ እንዲህ ያለው ወሬ ሁሌ በሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ አላዝኖ፤ የእኔ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከወረዳ የመጣ እንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሆነው፣ ሌሊት ቢሆንማ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አምቦ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ በጸሐፊነት ቀጠረኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ የመጦሪያው ኮሚቴ "እዚህ ያሉትን የቀድሞ ወታደሮች እናክብራቸው" ብሎ ወሰነ፤ በግ ይታረዳል፣ ለእያንዳንዳቸው ጋቢና የክብር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ማን ወታደር እንደነበር ማን እንዳልነበር የማጣራቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፣ ለሌላ ለማንም አይሰጥም ነበር።

ስድስት ሰዎች ወረቀታቸውን አመጡ። አንዱ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍራሽ ውስጥ ሰፍቶት ነበር፣ መቀስ አውሱኝ ብሎ መጣ። ከመካከላቸው ቃላቸው የሚሰማው ሃምሳ አለቃ ታዬ ናቸው፣ በሰማንያ ዓመታቸው ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ ሰው፣ እሳቸው ደግሞ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አሉ፤ "እንደ ነዳይ ቁጭ ብለን ጋቢ አይጣልብንም፣ ተሰልፈን፣ ተቆጥረን፣ እንደ ወታደር ነው የምንቀበለው" አሉ። እሺ ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ሣር ላይ ተሰልፈው "ከቀኝ ቁጠር!" ሲባል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ስድስት ይጮኹ ጀመር፣ ከነከዘራቸው፣ እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ።

ሰባተኛው ኦቦ ገመቹ ናቸው። የሸነን ሰው፣ ዝምተኛ፣ ዘመድ የሌላቸው፣ ግራ እግራቸውን የሚጎትቱ። ከቢሮዬ ውጭ በረንዳው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ ቁጭ ብለው ሳል እያሉ ይጠብቁኛል፣ ስገባ ብድግ ይላሉ።

"ኢንተለ ኮ፣ እኔም ወታደር ነበርኩ" ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው።

"ማስረጃ አለዎት?"

"ቤቴ ሲቃጠል አብሮ ነደደ።"

"ያለ ማስረጃ እንዴት ብዬ ልመዝግብዎ?"

"ጋቢውን ተይው። እሱን ለሌላ ስጪ። እኔ ሰልፉ ላይ ቆሜ ልቆጠር ብቻ ነው።"

አምስት ጠዋት ተመላለሱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውሸታም ናቸው ብዬ አላሰብኩም፤ ለአንዱ ደንቡን ካላላሁ ነገ ሁሉም ወታደር ነበርኩ ይለኛል ብዬ ነው። በአምስተኛው ቀን የቢሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መፍትሔ ሰጠኋቸው፣ ወረቀት ለጠፋበት ሰው ሁሉ የምንሰጠውን።

"ሦስት ምስክር ያምጡ። አብረዎት የነበሩ፣ ያዩ። እስከ ቅዳሜ፣ እስከ ዝግጅቱ።"

"አብረውኝ የነበሩት እዚያው ቀርተዋል፣ ልጄ። እኔ ነኝ የቀበርኳቸው።"

"እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?" አልኩ፣ መዝገቤን እያገላበጥኩ።

በመስኮቱ ሰልፉ የሚቆምበትን ሣር አዩ። ከዚያ "ቶሌ" አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ "ቶሌ። አመጣለሁ።" እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ይህ ሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ፣ በዕለቱም ተቀበሩ፣ ቀብር ላይ ቆሜ ነበር፣ አፈር ሲመለስም አይቻለሁ። አዘንኩ ወይ? አዝኛለሁ፣ ግን ሥራ ነበረብኝ፣ የቅዳሜው ዝግጅት በእኔ ላይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የክብር ወረቀቶቹን ስሞላ በረንዳው ላይ ሰዎች ተሰሙኝ። የሚናገሩትን አልሰማሁም፣ ግን ሠላሳ ዓመት በር ዘግቼ ስለሠራሁ የባለጉዳይ ድምፅ ከምንም ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ፣ ዝግ ያለ ወሬ፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ እግር ቦታ ሲለዋወጥ። "ቆዩ፣ መጣሁ" አልኩ። ድምፁ ወዲያው ዝም አለ፣ ባለጉዳይ ሲጠራ እንደሚያደርገው። ወጣሁ፣ ማንም የለም። ሰኔ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ብዙ ነገር ያሰማል ብዬ ተመለስኩ።

ዓርብ ጽዳት ሠራተኛችን ወርቄ በሩን በመወልወያዋ እንጨት ገፍታ ገባችና ተቆጣችኝ።

"እትዬ፣ እነዚያን ሰዎች እግራችሁን ጥረጉ አትያቸውም እንዴ? ሁለቴ ወለወልኩት!"

"የትኞቹን ሰዎች?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጭቃቸውን ነው ያየሁት።"

ከወንበሩ ሥር የጭቃ ዱካ ነበር፣ ተደርድሮ፣ የአራት ሰው ይመስላል። አንዱ ግራ እግሩ መሬቱን ጠርጎ የሄደ ነው። የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ገበሬ ይሆናል አልኩ፣ እንዲያውም ወርቄን "ሥራ ጠላሽ" ብዬ መለስኳት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ደረሰ። ካፊያ ስለነበር ከወረዳ የመጣው እንግዳና እኛ ከበረንዳው ቆርቆሮ ሥር ተቀመጥን፣ ስድስቱ ግን "ወታደር ካፊያ አይፈራም" ብለው ሣሩ ላይ ወጡ። ሃምሳ አለቃ ታዬ በስተቀኝ ጫፍ ቆመው "ተጠንቀቅ!" አሉ፣ ከዘራዎቹ ሁሉ ወደ ጎን ተሳቡ። "ከቀኝ ቁጠር!"

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስት።

"ሰባት።"

ሻካራ ድምፅ ነው፣ ሳል የቀደመው። በግራ በኩል ከስድስተኛው ሰው ቀጥሎ፣ እርጥብ ሣር ብቻ ካለበት ነው የመጣው። እጄ ላይ በያዝኩት ዝርዝር ስድስቱን ስሞች ገና ስቆጥር ቀጠለ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የሽማግሌ ድምፅ አልነበሩም፣ የሃያ ዓመት ልጆች ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ፈጠን ያለ፣ አንዱ እንዲያውም ጮርቃ ነው፣ ገና ጎርንኖ ያላለቀ። እንግዳው አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ተማሪዎች ከአጥር ውጭ እያሾፉ ነው። ተነሥቼ በካፊያው እስከ በሩ ሄድኩ፣ መንገዱ ላይ አንድ ሸራውን ያወረደ ባጃጅ ቆሟል፣ ሌላ ማንም የለም። ስመለስ ጋቢው እየተደረበ ነበር። ኦቦ ገመቹ አንድ፣ ምስክር ሦስት፣ አልኩ በልቤ፣ ወዲያው ደግሞ ራሴን "አበድሽ" ብዬ ሰደብኩ።

ማታ ሳይሆን ገና በጉ ሳይበላ ሃምሳ አለቃን ወደ ጎን ጠራኋቸው። "ስንት ነበራችሁ?" አልኳቸው። አዲሱን ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ አዩኝ፣ "ሰልፉ ሙሉ ነበር" አሉ። ስለዚያ ሰልፍ እስኪሞቱ ድረስ ሌላ አልነገሩኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የእንግዳው ሪፖርት ግልባጭ ደረሰኝ። "አሥር የቀድሞ ወታደሮች በሰልፍ ተገኝተው" ይላል። ደወልኩለትና "ስድስት ናቸው፣ ተሳስተሃል" አልኩት። ሳቀና "ሲቆጥሩ ሰምቼ ነዋ የጻፍኩት፣ እርስዎ አልሰሙም?" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

በዚያው ቀን በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግሁ። ቅጽ አውጥቼ "ገመቹ" ብዬ ጻፍኩ፣ ወታደር ነበሩ ብዬ ሞላሁ፣ የሦስቱ ምስክሮች ስምና ፊርማ የሚሰፍርበትን ባዶ ትቼ ማኅተም መታሁበት። ስማቸውን ማን ይንገረኝ? የት እንደተቀበሩ የሚያውቁት ኦቦ ገመቹ ብቻ ነበሩ፣ እኔ ደግሞ መዝገብ ሳገላብጥ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ስማቸው ማን ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሳል አልሰማሁም፣ ጭቃም የለም፣ እሳቸውን በተመለከተ ነገሩ ያለቀ ይመስለኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ "ሦስት ምስክር አምጡ" ብዬ ስንቱን መልሻለሁ፣ መሬቷን ያጣች ባልቴት፣ ውርስ የጠየቀ የሙት ልጅ፣ ምስክሮቹ አልቀውበት አንገቱን ደፍቶ ወጥቶ ያልተመለሰ ስንት ሰው፤ ሁሉንም "ቆዩ፣ እስክታመጡ ድረስ" ብያቸዋለሁ፣ ብዙዎቹም እንደ ኦቦ ገመቹ እሺ፣ እናመጣለን ብለውኛል። አሁን በሬ ሲንኳኳ ቶሎ አልከፍትም። ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ፣ ስንት ሆነው እንደመጡ።